ፍሬኑ ሲንቀጠቀጥ አትልቀቁት

ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን ስምንት ወር ገደማ በግራ እጄ ጎርሻለሁ። በሰው ማዕድ ላይ በግራ የሚጎርስ ሰው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ እስክሪብቶ ይዤ አንድ መስመር በሞላሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ደስታዬንም አልደብቅም።

የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው። አንደኛው ወድቆ እጁን ተመቶ «ወለምታ ነው፣ ይተውሃል» የተባለ ሰው ነው። ሌላው ሞተር ሳይክል ሊገዛ ሄዶ «ይሄኛው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን አለው» ሲሉት «ለምኔ?» የሚል ሰው ነው። እኔ ሁለቱንም ሰዎች ነበርኩ። ሁለቱንም ነገር ያበላሸሁት በገዛ እጄ ስለሆነ ለመምከር ማንንም አላስፈቅድም።

አስራት እባላለሁ። ይህ ሲሆን ካርቱም ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ደቡቡ ተገንጥሎ የራሱን አገር ካቆመም ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ጀሪፍ የሚባለው ሰፈር ነው። ሥራዬ ሱዳኖች ሙከይፍ የሚሉትን ማቀዝቀዣ መጠገን ነው፤ መስኮት ላይ ተቀምጦ፣ ጭዱን ውኃ እያራሰው ቀዝቃዛ ንፋስ ወደ ቤት የሚያስገባውን ሣጥን። ሙቀቱ ሲገባ ከጀብራ እስከ አርካዊት ስልኬ አያርፍም። ባለቤቴ ወይንሸት ደግሞ ሹሩባ ትሠራለች። ጣቶቿ ጠንካሮች ናቸው፣ ምላሷም ከጣቶቿ አያንስም።

ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከዐረብ አገር የመጣ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። ሻጩ ስለ ፍሬኑ ብዙ አወራልኝ። ጎማው ሊቆለፍ ሲል አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ፍሬኑን በፍጥነት ለቀቅ ያዝ፣ ለቀቅ ያዝ ታደርገዋለች፤ ጎማው መዞሩን ስለማያቆም ሞተሩ አይንሸራተትም፣ ኤቢኤስ ይሉታል አለኝ። እኔ የማየው ቀለሙን ነበር። ቀይ ነበር፣ ደግሞም ያምር ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጠጠር ላይ ፍሬን ጠንከር አድርጌ ስይዝ እጀታው ጣቶቼ ሥር ትር ትር እያለ ተንቀጠቀጠ። በቀጥታ የሄድኩት ወደ ኡስታ ኢድሪስ ነው። ኢድሪስ የሰፈራችን የሞተር መካኒክ፣ የአሥር ዓመት ወዳጄ፣ እጀ ወርቅ ሱዳናዊ ነው። «ሞተሬን ወባ ይዞታል» አልኩት። ነድቶ አየው፣ እውነትም ይንቀጠቀጣል። የፍሬኑን ዘይት ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ፣ ቢለው ቢለው መንቀጥቀጡ አልተወውም። በመጨረሻ የታመመው ኮምፒውተሩ ነው ብሎ ፈረደና ፊውዙን ላውጣው ወይ ሲል ጠየቀኝ። አውጣው አልኩት። የፍጥነት ቆጣሪው አጠገብ ቢጫ መብራት በራ፤ አልጠፋ ሲል ከዕቃ ቦርሳዬ ጥቁር ናስትሮ ቆርጬ ሸፈንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬኑ ጸጥ አለ፤ እኔም ተደሰትኩ።

አንድ ነገር ግን ለኢድሪስ አልነገርኩትም። መቀመጫው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነበር፣ በዐረብኛ። ዐረብኛ እናገራለሁ፣ እከራከራለሁ፣ እቀልዳለሁ፤ ማንበብ ግን አልችልም። አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬ ፊደሉን እንደማልለይ ወዳጄ እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። ስለዚህ መጽሐፉን እዚያው ተውኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የካርቱምን ሐቡብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከተማውን በአቧራ ግድግዳ ውጦ ያልፍና አስፋልቱ ላይ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ ትቶ ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት ወደ አርካዊት እየሄድኩ ነበር፤ ማቀዝቀዣው የቆመበት ደንበኛ ሦስቴ ደውሏል። ከፊቴ የነበረችው ረክሻ፣ የእኛ ባጃጅ ማለት ነው፣ ሰው ልትጭን ድንገት ቆመች። የፊቱን ፍሬን ባለኝ ኃይል ጨመቅሁት። ጎማው ተቆለፈ፣ አሸዋው ላይ ተንሸራተተ፣ ሞተሩም ከሥሬ ሄደ። እኔ መሬት የያዝኩት በቀኝ መዳፌ ነበር።

ሰው ተሰበሰበ፣ ሁሉም «ሐምዲላ አላ ሰላማ»፣ እንኳን ተረፍክ፣ አለኝ፤ ባለ ረክሻው ራሱ ውኃ ሰጠኝ። ልብሴን አራገፍኩ። እጄ አልተጣመመም፣ ደምም ብዙ አልነበረም። ሞተሩን አስነሥቼ ሄድኩና የደንበኛዬን ማቀዝቀዣ ሠርቼ ጨረስኩ። ጀግና መሆኔ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንጓዬ አበጠ። ወይንሸት እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ። ራጅ ተነሣሁ፤ ስብራት አይታይም፣ ወለምታ ነው ተባልኩ፣ በፋሻ ታሰርኩ። እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ ሕመሙ ካልተወህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰህ ራጅ ድገም ብሎኛል። እኔ የሰማሁት «ወለምታ» የሚለውን ብቻ ነው። የሥራው ወቅት ስለነበር የቀረውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ወለምታ ከተባለ ደግሞ የሐበሻ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ጋሽ ተፈራ ጀሪፍ ውስጥ ስንቱን ያቃኑ ወጌሻ ናቸው። ሲያዩኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ ሰበር ነው ወይስ ወለምታ ብለው ነው። ሐኪም ወለምታ ብሏል አልኳቸው። አምነውኝ ሦስት ሳምንት ቅባት እየቀቡ አሹኝ፣ ሳቡኝ። ሲያሹኝ ጥርሴን ነክሼ እንባዬ ይፈስ ነበር፤ ጨርሰው ስነሣ ግን የተሻለኝ ይመስለኝና አመስግኜ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ እየታሸ የነበረው ስንጥቅ አጥንት ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ አንዱ ፋርማሲ ሪህ ነው አለኝ፤ ሥጋ ተውኩ። ሌላው ብርድ ነው አለኝ፤ በአርባ ምናምን ዲግሪ ሙቀት እጄን በሱፍ ጠቅልዬ ዞርኩ። ሲያዩኝ ልጆች ይስቁ ነበር። ካቻቢቴ በቀኝ እጄ ማዞር ስላቃተኝ በግራ ተለማመድኩ። የአንድ ሰዓቱ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ጀመር፤ ደንበኞቼም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰው ሄዱ። ወይንሸት ሐኪም ቤት ተመለስ ስትለኝ እቆጣለሁ። አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ወይንሸት ስባሪውን ስትለቅም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ፈራሁ። በዚህ አገር እኔን የሚያኖረኝ እጄ ነው፤ እሱ ከሄደ ምን ይዤ እኖራለሁ?

ያዳነችኝ አንዲት የተበላሸች ማቀዝቀዣ ናት። ጀብራ ውስጥ ካለ አንድ የአጥንት ክሊኒክ የሕመምተኛ መጠበቂያው ክፍል ማቀዝቀዣ ቆሞ ጠሩኝ። ሕመምተኞቹ በካርቶን እያራገቡ ተቀምጠዋል፤ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ብሎኑን በግራ እጄ እታገላለሁ። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ሰልማ፣ በዕድሜ ታናሼ የምትሆን ሱዳናዊት፣ በሩ ላይ ቆማ ለካ ስታየኝ ነበር። ግራኝ ነህ ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አይደለሁም አልኳት። ና ውረድ አለችኝ።

አውራ ጣትን ወደ ላይ ቀና ስናደርግ ከሥሩ፣ አንጓው አጠገብ፣ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ትታያለች። ዶክተሯ በአንድ ጣቷ እዚያች ላይ ጫን አለች። ከወንበሩ ዘልዬ ተነሣሁ፤ መጠበቂያው ክፍል የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እዚያች ጎድጓዳ ሥር ስካፎይድ የሚሏት አጥንት አለች፤ ከነቅርፊቱ ካለ ኦቾሎኒ ብዙም አትበልጥም። ወድቆ መዳፉን ያስቀደመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰብረው እሷን ነው። ስንጥቋ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ራጁ ከአሥር ወይም ከአሥራ አራት ቀን በኋላ የሚደገመው ለዚህ ነው። ደም የሚደርሳት ደግሞ በአብዛኛው ከአንድ ወገን ስለሆነ፣ ስትሰበር ግማሿ ደም ታጣና ልትሞት ትችላለች። አዲሱ ራጅ ሲወጣ የእኔዋ ለሁለት ተከፍላ ሦስት ወር ሙሉ ሳትገናኝ ቆይታለች።

ዶክተር ሰልማ አልሸነገለችኝም። «ከዳሌህ ትንሽ አጥንት ወስጄ እሞላዋለሁ፣ በብሎን አስረዋለሁ። ሊገጥም ይችላል፤ ላይገጥምም ይችላል። ከዚህ በላይ ከዘገየህ ግን አልሞክረውም» አለችኝ።

የሕክምናው ወጪ በእኛ አቅም የሚቻል አልነበረም። ወይንሸት እቁብ ትጥል ነበር፤ ተራዋ ገና ሩቅ ነው። ነገሩን ሲሰሙ የእቁቡ ሴቶች ዕጣ መጣሉን ትተው የወሩን ለእሷ አነሡላት። ከመካከላቸው አንዷ የራሷን ልጅ ልታስመርቅ የጠበቀች ነበረች። ይህን ሳስብ ዛሬም ዓይኔ ይሞላል። ጋሽ ተፈራም መጡ። ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው «ልጄ፣ እኔ ያለኝ እጅ ነው እንጂ ራጅ የለኝም። ሁለተኛ ራጅ ያልደገመ ሰው አልነካም» አሉኝ። ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ አሁን ሰው ሲመጣባቸው ያችን ጎድጓዳ ነክተው ያያሉ፣ ከዘለለ ወደ ሐኪም ይሰዱታል።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከዚያ አሥር ሳምንት ጄሶ ውስጥ ነበርኩ። ወይንሸት ያን ጊዜ ሞተሩ ይሸጥ አለች። ኢድሪስ ገዢ ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት፤ እሷም ሞተሩን ስታጸዳ መቀመጫውን አንሥታ መጽሐፉን አገኘችው።

ኢድሪስ ሊጠይቀኝ ብርቱካን ይዞ መጣ። «ከፋራ፣ ያ አስራት፣ ከፋራ» አለኝ፤ ሱዳኖች ለታመመ ሰው የሚሉት ነው፣ ሕመሙ የኃጢአት ማስተስረያ ይሁንልህ እንደማለት። ወይንሸት መጽሐፉን አቀበለችውና እስቲ ምን እንደሚል አንብብልን አለችው። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ኢድሪስ መነጽሩን አድርጎ ገለጠ፣ ገለጠ፣ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ አነበበው፤ «ፍሬን በኃይል ሲያዝ እጀታው ቢንቀጠቀጥ ብልሽት አይደለም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። አትልቀቅ፣ አጥብቀህ ያዝ።»

መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አላደረገውም። «ያ አስራት፣ አና ገልጣን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ያሳመምነው እኛ ነን» አለ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩም። መጽሐፉን አውቄ እንደደበቅሁት፣ ማንበብ እንደማልችል። ኢድሪስ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም ከብዙ ወር በኋላ ሳቅሁ። ወይንሸት አልሳቀችም። «አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጠህበት ነበር። መድኃኒቱ ላይ ተቀምጠህ ነው የወደቅኸው» አለችኝ። ገዢው ግን በዚያ ሳምንት ሳይመጣ ቀረ፤ በሚቀጥለውም ማንም አልጠራውም።

ጄሶው ሲፈታ ያየሁት እጅ የእኔ አይመስልም ነበር። ቀጥኗል፣ ነጥቷል፣ አይታጠፍም። ራጁ ግን አጥንቷ መግጠም መጀመሯን አሳየ። ዶክተር ሰልማ ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ «ሚያ ሚያ» አለች፤ መቶ በመቶ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ያንተ ሥራ ነው ብላ ላስቲክ ኳስ ሰጠችኝ። ኳሱ ሰለቸኝ። ወይንሸት ክር አመጣችና መጎንጎን አስተማረችኝ፤ ሦስት ክር፣ ቀጥሎ አምስት። ጣቶቼ እንደ እንጨት ነበሩ፤ እየደጋገምኩ ስሠራ ለዘቡ። በሦስተኛው ወር የእሷን ፀጉር ሹሩባ ሠራሁት። ጠማማ ነበር። ለሁለት ቀን ሳትፈታው ወደ ሥራ ሄደች፤ ማን ሠራሽ ሲሏት የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ትላቸው ነበር አሉ።

ከዚያ ነው የሞተሩ ነገር የተነሣው። የጀሪፍ ወዳጆቼ ሁሉም ሊቅ ናቸው። ኤቢኤሱን አቧራ ይበላዋል አሉ፤ ሲበላሽ ዕቃው ከዱባይ ነው የሚመጣው አሉ፤ ጥሩ ነጂ አያስፈልገውም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት አላቸው። ጎማው አጠገብ ያለችውን ሴንሰር ከሐቡብ በኋላ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፣ ዕቃውም ውድ ነው። ጥልቅ አሸዋ ውስጥ ደግሞ ኤቢኤስ ያለው ሞተር ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ሊወስድ ይችላል፤ ይህንንም መጽሐፉ አልደበቀም። ሦስተኛውን ግን አልቀበልም። እኔ ጥሩ ነጂ ነኝ። ያን ዕለት ግን እጀታውን የጨመቀው ችሎታዬ አልነበረም፣ ድንጋጤዬ ነው። ድንጋጤ ደግሞ ለጥሩ ነጂም ይመጣል። ችሎታ እስኪደርስ ነጂውን የሚጠብቅ ነገር ካለ፣ ዋጋ ቢያስከፍልም ያዋጣል።

ወይንሸት ውሳኔዋን በአጭሩ ነገረችኝ፤ «ዶክተሯ ትፍቀድ፣ ፊውዙ ይመለስ፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ ቁም። ካልቆምክ ይሸጣል።»

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ከተማው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ጀብራ ዳርቻ ወዳለ ሰው አልባ አስፋልት ሄድን። ኢድሪስ ፊውዙን መለሰ፣ ሴንሰሩን ጠረገ፣ ከመንገዱ ዳር አሸዋ በላሜራ እየዘገነ አስፋልቱ ላይ በተነ። ወይንሸት በጫማዋ ተረከዝ አሸዋው ላይ መስመር አሰመረችና እጇን አጣምራ ዳር ቆመች።

ሄልሜቴን አጠበቅሁ፣ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ መጣሁ። አሸዋው ላይ ስደርስ ያዝኩት። እጀታው ትር ትር አለ። መንቀጥቀጡ በጣቶቼ ገብቶ ብሎኗ እስካለችበት አንጓዬ ድረስ ዘለቀ፤ ያ ሁሉ ወር መጣብኝና ለቀቅሁት። መስመሯን አልፌ ሩቅ ሄድኩ።

ስመለስ ኢድሪስ መሬት መሬት ያያል። ወይንሸት «አየሁህ። ለቀቅከው» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ወደ እጄ ጠጋ ብላ አንጓዬን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፣ ልክ ያችን ጎድጓዳ። «ያምሃል?» አለችኝ። አላመመኝም። ብዙ ጊዜ አሞኝ የነበረ ቦታ ስለሆነ አለማመሙን ራሱ ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። «እንግዲያው አትልቀቀው» አለችኝ።

ሁለተኛ መጣሁ። ያዝኩ። ተንቀጠቀጠ፤ እኔም ጠበቅ አደረግሁት። ሲንቀጠቀጥ ያዝኩት፣ ሲንቀጠቀጥ ያዝኩት። ሞተሩ እንደ ቀና መንገደኛ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከመስመሯ ሦስት እርምጃ ቀርቶት ቆመ። እግሬን መሬት አሳረፍኩ። አልወደቅሁም። ኢድሪስ ላሜራውን ጥሎ አጨበጨበ። እኔ ሄልሜት ውስጥ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም ብዬ ነበር፣ ወይንሸት ግን አይታኛለች።

«እንደገና» አለች። ደገምኩ። «አሁንም» አለች። በአራተኛው መጥታ ከጎኔ ቆመች። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ጥቁር ናስትሮ በጥፍሯ ላጠችው። ሥሩ ያለው ቢጫ መብራት ጠፍቷል። ናስትሮውን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ከኋላዬ ወጥታ ወገቤን ያዘች።

እናንተም ወድቃችሁ ያች ጎድጓዳ ካመመቻችሁ ራጁን ድገሙ፤ ይህንንም ወጌሻ ሳይነካችሁ አድርጉት። ሞተራችሁ በእጃችሁ ሥር ቢንቀጠቀጥ አትልቀቁት። የማታነቡት መጽሐፍ ካለ ለሚያነብ ስጡት። እግዜር እጃችሁን ይጠብቅላችሁ።

ዓርብ ጠዋት የካርቱም መንገድ ባዶ ነው። ወይንሸት ጆሮዬ አጠገብ «ያላ፣ ወደ ቤት» አለችኝ። በቀኝ እጄ ጋዝ ሰጠሁና ጀሪፍ ገባን። ያን ቀን ምሳ በቀኝ እጄ ጠቅልዬ መጀመሪያ ያጎረስኳት እሷን ነው።